ከኋላ በምትጎተተው መኪና ውስጥ ማን ተቀምጧል?

ዛሬ የማወራው መኪናን ከመኪና ጋር ስለማሰር ነው። "ምን ነካው፣ ከፖለቲካው ሸሸ?" የምትሉ ካላችሁ አንብባችሁ ፍረዱኝ።

ባለፈው ሰኔ አንድ የማከብራቸው የሰፈራችን ሰው ደወሉልኝ። ስማቸውን አልጠራም፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። የምንኖረው ኮሎራዶ፣ ኦሮራ ከተማ ነው። ጋሼ ረጅም ዘመን ታክሲ ነድተው፣ ልጆች አስተምረው፣ ጡረታ ሲወጡ ያገለገለ ሞተርሆም ገዙ። አሜሪካ ያላችሁ ታውቁታላችሁ። አገር ቤት ላላችሁት፣ ሞተርሆም ማለት አልጋው፣ ምድጃው፣ ሽንት ቤቱና ሳሎኑ ሁሉ ውስጡ ያለ፣ አውቶብስ የሚያህል ተሽከርካሪ ነው። አርቪም ይሉታል። ጋሼና እትዬ ላስ ቬጋስ ያሉትን የልጅ ልጆቻቸውን ሊያዩ አስበዋል። "አንተ ልጅ፣ መፍቻህን ይዘህ ና። ራቭፎሯን ከኋላ እንሰራትና እንሂድበት" አሉኝ።

ለምን እንዳስፈለጋቸው ግልጽ ነው። ሞተርሆም አንዴ ቆሞ ውኃውና መብራቱ ከተሰካ በኋላ ዳቦ ለመግዛት ተብሎ ቤት አይነቀልም። ስለዚህ ሰዎች ትንሽ መኪና ከኋላ አስረው ይጎትታሉ። በሀይዌይ ላይ አይታችሁ ይሆናል፤ ከፊት ያ ትልቅ ቤት ይሄዳል፣ ከኋላው ሹፌር የሌላት ጂፕ በአራቱም ጎማዋ አስፋልት ላይ እየተንከባለለች ትከተለዋለች።

ሄድኩ። ጋሼ ሁሉን አዘጋጅተው ጠበቁኝ። ሰንሰለት ገዝተዋል። አንድ በያጅ ወዳጃቸው በ400 ዶላር ባለ ሦስት ማዕዘን መጎተቻ ብረት ሠርቶላቸዋል። የቀረው የራቭፎሯን ፓራውልት ቀዶ ብረቱን ከውስጥ መበየድ ብቻ ነው። "ካምቢዮውን ፎሌ አደርገዋለሁ፣ የእጅ ፍሬኑን እለቃለሁ፣ አለቀ!" አሉኝ።

ይህን ሁሉ ያስጻፈችኝ ያቺ "አለቀ" ናት።

እኔ አዲስ አበባ ጋራዥ ውስጥ ነው ያደግኩት። እዚህ ደግሞ የጭነት መኪና ስነዳ አሥራ አንደኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ስለዚህ ጋሼ የጠሩኝ ለምክር አልነበረም፤ ብረቱን ወጥሬ እንድይዝላቸው ነበር። እንቢ አልኩ። ለታላቅ ሰው እንቢ ማለት በእኛ ባህል ምን ያህል እንደሚከብድ ታውቃላችሁ። እትዬ ቡና አፍልተው፣ ፈንዲሻ አቅርበው፣ እኔ መሀል ቆሜ "አይሆንም ጋሼ" ስል ቤቱ ጭር አለ።

መጀመሪያ ስለ ፎሌ ልንገራችሁ። እኛ አገር ቤት መኪና መጎተትን የተማርነው በማንዋል ካምቢዮ ነው። ማርሽ ታወጣለህ፣ ካቦ ታስራለህ፣ ትሄዳለህ። አውቶማቲክ ካምቢዮ ግን ሌላ ነገር ነው። ውስጡ ያለውን ዘይት የሚያዘዋውረውን ፓምፕ የሚያዞረው ሞተሩ ነው። ሞተሩ ጠፍቶ መኪናዋ ስትጎተት ጎማው የካምቢዮውን የውስጥ ዘንጎች ያዞራል፣ ፓምፑ ግን ቆሟል። ዘይት ያልደረሰው ብረት ብረትን ይፈጫል። ፎሌ ሞተሩን ከጎማው ይለየዋል እንጂ ለካምቢዮው ዘይት አያቀርብለትም። ከሰፈር እስከ ጋራዥ ቢሆን ምናልባት ይታለፋል። ከዴንቨር ላስ ቬጋስ ግን ወደ 750 ማይል፣ በእኛ 1,200 ኪሎ ሜትር ነው።

ስለዚህ የትኛዋ መኪና በአራት ጎማዋ ትጎተት የሚለውን የሚወስነው አምራቹ ነው፣ በመኪናዋ መመሪያ መጽሐፍ ላይ። ጂፕ ራንግለር በሞተርሆም ሰዎች ዘንድ የተወደደችበት ምክንያት አላት። ኃይሉን ለፊትና ለኋላ ጎማ የሚያከፋፍለው ሳጥን ለብቻው ፎሌ የሚገባበት ቦታ አለው፤ ያኔ ጎማውና ካምቢዮው ሙሉ በሙሉ ይለያያሉ። ካምቢዮው እንዲያውም ፓርክ ላይ ሆኖ ነው የምትጎተተው። ሆንዳ ሲአርቪ እስከ 2014 ስሪት ድረስ ይፈቀድላት ነበር፣ ያውም በሥርዓት ነው። ሞተር ይነሳል፣ ማርሾቹ ሁሉ ይዳረሳሉ፣ ዲ ላይ 5 ሰከንድ ይቆያል፣ ወደ ፎሌ ይመለሳል፣ ሞተሩ 3 ደቂቃ ይሠራል፣ ከዚያ ይጠፋል። በ2015 ስሪት ካምቢዮው ሲቪቲ ሲሆን ፈቃዱ ቀረ። ያው ስም፣ ያው መልክ፣ የአንድ ዓመት ልዩነት። የኤሌክትሪክ መኪናማ አይነሳ። ቴስላ ጎማዋ መሬት እየነካ እንዳትጎተት በግልጽ ተጽፎላታል፤ ጎማው ሲዞር ሞተሯ ራሱ ኤሌክትሪክ እያመነጨ ይግላልና።

የጋሼን መጽሐፍ ከክሩስኮቶው መሳቢያ አውጥቼ አነበብኩላቸው። የእሳቸዋ ራቭፎር አውቶማቲክ ናት፤ አራቱም ጎማዋ መሬት ላይ ሆኖ እንዳትጎተት ይላል። ጋሼ ሳቁ። "መጽሐፉን የሚጽፉት ጠበቆች ናቸው፤ እንዳይከሰሱ ነው" አሉ። ትንሽ እውነት አለው። ግን ጠበቃ የጻፈው ማስጠንቀቂያም የሚቃጠል ካምቢዮ ሊናገር ይችላል።

እስከዚህ ያለው የገንዘብ ጉዳይ ነው። ካምቢዮ ቢቃጠል የጋሼ ኪስ ይጎዳል፣ ሌላ ሰው አይሞትም። ያስጨነቀኝ ፍሬኑ ነው።

ጋሼ ወጣት ሆነው በጎጃም መንገድ የፊያት ኤንትሬ ረዳት ነበሩ። ዓባይ በረሃን በዚያ መኪና ወርደው ወጥተዋል፤ ከጎሐ ጽዮን እስከ ድልድዩ ከ1 ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ነው። መኪና ሲቆም ዘልሎ ወርዶ ጎማ ሥር ታኮ መወተፍ የእሳቸው ሥራ ነበር። ይህን ታሪክ በየለቅሶውና በየሠርጉ ስለሚነግሩን በቃሌ አውቀዋለሁ። እናም ጠየቅኳቸው።

"ጋሼ፣ ያኔ መኪና ተበላሽቶ በካቦ ሲጎተት፣ ከኋላ ባለው መኪና ላይ መሪ የሚይዘው ማን ነበር?"

"እኔ ነኛ! ሌላ ማን ይሆናል?"

"ምን ሊያደርጉ?"

"ፍሬን ልይዝ ነዋ። አለበለዚያ ከፊት የቆመው ላይ ሄዶ ይላተማል።"

"ታዲያ ራቭፎሯ ውስጥ ማን ሊቀመጥ ነው?"

ዝም አሉ። እትዬ ከወዲያ "እኔን እንዳታስቡ" አሉና ሳቅን። ጋሼ ግን ቆየት ብለው "ይህኛው ጠንካራ ብረት ነው፣ ካቦ አይደለም፤ አይላተምም" አሉ። እውነት ነው፣ ብረቱ አያላትምም። ግን ክብደቱ የት ይሄዳል? ወደ ፊት ነው፤ ሞተርሆሙን ይገፋዋል።

ሒሳቡን ላሳያችሁ። አንድ መኪና በሰዓት 60 ማይል ሲሄድ የያዘው ጉልበት፣ ከ36 ሜትር ከፍታ፣ ማለትም ከ12ኛ ፎቅ ግድም ቢለቀቅ መሬቱን ከሚመታበት ጉልበት ጋር እኩል ነው። ራቭፎሯ 3,500 ፓውንድ፣ 1,600 ኪሎ ገደማ ትመዝናለች። ይህን ጉልበት በየማቆሚያው፣ በየቁልቁለቱ፣ ልጅ ዘሎ መንገድ በገባ ቁጥር አንድ ነገር መዋጥ አለበት። ራቭፎሯ አራት ጤነኛ ፍሬኖች አሏት፣ ግን ፔዳሉን የሚረግጥ እግር የለም። ስለዚህ ሁሉንም የሞተርሆሙ ፍሬን ይሸከመዋል። የሞተርሆሙ ፍሬን ደግሞ የተለካው ለራሱ ለሞተርሆሙ ሙሉ ክብደት ነው።

"መንጠቆው ላይ እኮ 5 ሺህ ፓውንድ ተብሎ ተለጥፏል፣ የእኔ 3,500 ናት" አሉኝ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የተለጠፈው ቁጥር መንጠቆው ራሱ ሳይሰበር የሚችለው ነው። ሞተርሆሙ ከነተጎታቹ ከዚህ ክብደት አይለፍ የሚል ሌላ ቁጥር አለ። ለምሳሌ ሞተርሆሙ ሲሞላ 22 ሺህ ፓውንድ እንዲደርስ፣ ከነተጎታቹ ደግሞ ከ26 ሺህ እንዳያልፍ ተፈቅዶ ከሆነ፣ ለኋላው የሚተርፈው 4 ሺህ እንጂ 5 ሺህ አይደለም። አንድ ጋሎን ውኃ ከ8 ፓውንድ ይበልጣል፤ 75 ጋሎን ታንከር ሲሞላ ከ600 በላይ ነው። እትዬ ደግሞ ለልጆቹ በርበሬ፣ ሽሮ፣ ምጣድና የጤፍ ከረጢት ጭነዋል። ይህን ማወቂያው መንገድ አንድ ነው። ሁሉን ጭኖ፣ ታንከሩን ሞልቶ፣ የጭነት መኪና ሚዛን ላይ መውጣት። ጥቂት ዶላር ነው የሚያስከፍለው። ጋሼ ከገዙ ጀምሮ ሚዛን አይተው አያውቁም። የሸጠላቸው ሰውም አልነገራቸውም።

በአግባቡ የሚታሰር መኪና ምን ይፈልጋል? ከመኪናዋ ፊት፣ ከፓራውልቱ ኋላ፣ ለዚያች ሞዴል ብቻ ተለክቶ የተሠራ ብረት ከሻንሲው ጋር በቡሎን ይታሰራል። እንደ ብሉ ኦክስና ሮድማስተር ያሉ አምራቾች ለእያንዳንዱ ሞዴልና ዓመት ለየብቻ ይሠራሉ። ከእሱ ላይ ሁለት ክንድ ያለው መጎተቻ ይሰካል። ክንዱ አግድም መሆን አለበት፤ ከሞተርሆሙ መንጠቆ እስከ መኪናዋ ያለው የከፍታ ልዩነት ከ3 ወይም ከ4 ኢንች ካለፈ ማስተካከያ ብረት ይጨመራል። ክንዱ ቢሰበር መኪናዋን የሚይዙ ሁለት ካቦዎች በመስቀል ይታሰራሉ። የኋላ መብራቷና ፍሬቻዋ ከሞተርሆሙ ጋር ይገናኛል፤ መሀል ላይ ኤሌክትሪኩ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚከለክል ነገር ይገባል፣ አለበለዚያ የመኪናዋ ሽቦ ይቃጠላል። መሪው እንዳይቆለፍ ቁልፉ ግማሽ ላይ ስለሚቆይ ባትሪዋ ቀኑን ሙሉ ትፈስሳለች፤ የኃይል መሙያ መስመር ካልተዘረጋላት ስትደርሱ አትነሳም።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ፍሬኑ ነው፤ የጋሼ ረዳት። ሁለት ዓይነት አለው። አንደኛው ሣጥን ነው። ከሹፌሩ ወንበር ፊት ወለሉ ላይ ይቀመጣል፣ ክንዱ ፔዳሉን ይይዛል፣ ከፊት ያለው ሲቀዘቅዝ ተሰምቶት ፔዳሉን ይረግጣል። ሌላኛው በመኪናዋ ውስጥ በቋሚነት ተገጥሞ ከሞተርሆሙ ፍሬን ጋር የሚነጋገር ነው። በሁለቱም ላይ አንዲት ቀጭን ሽቦ አለች። መኪናዋ ተበጥሳ ብትቀር ሽቦዋ ትመዘዝና ፍሬኑ ራሱ ይያዛል። የጭነት መኪና የምትነዱ ወገኖቼ ይህ አዲስ አይሆንባችሁም። ወደ ተሳቢው የሚሄደው ቀዩ የአየር ቱቦ ሲበጠስ የተሳቢው ፍሬን ጥርቅም አድርጎ የሚይዘው በዚሁ ሐሳብ ነው።

ሣጥኑም ቢሆን እንከን አለው። ከተገቢው በላይ ከተወጠረ ፍሬኑን ሳይለቅ ይጎትታል፣ ይግላል፣ ጎማ እስከማቃጠል ይደርሳል። ለዚህ ነው ከፊት ለሹፌሩ መብራት የሚያሳይ መቆጣጠሪያ የሚሰጡት። ደግሞ ይህን የመሰለ ነገር አስራችሁ ወደ ኋላ መሄድ የሚባል ነገር የለም። የተጎታቿ የፊት ጎማ በራሱ ጊዜ ተጠማዞ ክንዱን ያጣምመዋል። መውጫ የሌለው ነዳጅ ማደያ ውስጥ ገብቶ፣ ሰው ሁሉ እያየው፣ በዝናብ መኪናውን ሲፈታ ያየሁት ፈረንጅ ትዝ ይለኛል። ሚስቱ በመስኮት ታየዋለች፤ አንዳቸውም ቃል አይናገሩም።

አሁን ወደ ሕጉ ልምጣ። እውነቱን ለመናገር የተናደድኩት ጋሼ ላይ አይደለም።

እኔ ከ26 ሺህ ፓውንድ በላይ ያለውን መኪና ለመንዳት ሲዲኤል የሚባለውን የንግድ መንጃ ፈቃድ ማውጣት ነበረብኝ። ከ2022 ፌብሩዋሪ 7 ወዲህ ለሚጀምር ሰው ደግሞ ከተመዘገበ ማሠልጠኛ መማር ግዴታ ሆኗል። ፈተናው ላይ መኪናውን ዙሪያውን እየዞርክ እያንዳንዱን ነገር እየነካህ ትናገራለህ። ከአየር ፍሬን ፍተሻው አንድ እርምጃ ብትዘል ወዲያው ወድቀሃል፣ ወደ ቤትህ። በየጊዜው ሐኪም ያየኛል። በቀን ከ11 ሰዓት በላይ መንዳት አልችልም፤ ይህንንም ከሞተሩ ጋር የተገናኘ መሣሪያ በየደቂቃው ይመዘግባል። ሚዛን ጣቢያ ሲበራ እገባለሁ። ከ2025 ኤፕሪል ወር የፕሬዚዳንቱ ትእዛዝ ወዲህ ደግሞ መንገድ ዳር አስቁመው እንግሊዝኛዬን ይፈትኑኛል፤ ያላለፈ ሹፌር መኪናውን እዚያው አቁሞ ይቀራል። ወንድሞቻችን በዚህ ስንት ሌሊት እንቅልፍ እንዳጡ የምታውቁት ታውቁታላችሁ።

ይህን ሁሉ አልቃወምም። (የእንግሊዝኛውን አፈጻጸም እቃወማለሁ፤ እሱን ሌላ ቀን።) ከባድ ነገር የሚነዳ ሰው ይጠየቅ። ግን ከጎኔ ባለው መስመር የሚሄደው ሞተርሆምስ? ለግል መዝናኛ የሚነዳ ስለሆነ የፌዴራሉ የሲዲኤል ሕግ አይመለከተውም። በአብዛኞቹ ስቴቶች ታክሲ የነዱበት ያው ተራ መንጃ ፈቃድ ይበቃል። ቴክሳስ ከ26 ሺህ ፓውንድ በላይ ለሆነው፣ ካሊፎርኒያ ደግሞ ከ40 ጫማ ለሚረዝመው ከፍ ያለ ደረጃ ይጠይቃሉ፤ በአብዛኞቹ ግን ዛሬ ጠዋት ገዝተህ፣ ከሰዓት በኋላ መኪና አስረህበት፣ ማታ ተራራ መውጣት ትችላለህ። ሐኪም የለም፣ የሰዓት ገደብ የለም፣ ሚዛን የለም።

የተጎታቹ ፍሬንስ? ስቴቶች ተሳቢ ከተወሰነ ክብደት በላይ የራሱ ፍሬን ይኑረው ይላሉ፤ 3 ሺህ ፓውንድ ብዙ ጊዜ የምታገኙት ቁጥር ነው። ነገር ግን ሕጉ ሲጻፍ በአእምሮ የነበረው ተሳቢ ነው። በክንድ የታሰረች መኪና "ተሳቢ" ትባላለች ወይስ አትባልም የሚለው ከስቴት ስቴት ይለያያል። የሻንሲ አምራቾቹ ራሳቸው በመመሪያቸው ከዚያ በጣም ባነሰ ክብደት ላይ ፍሬን ይጠይቃሉ። ጋሼ ከኮሎራዶ ተነሥተው ዩታን፣ የአሪዞናን ጥግ፣ ከዚያ ኔቫዳን ይረግጣሉ። አንድ ተራራ፣ አንድ መኪና፣ አንድ ፊዚክስ፣ አራት ሕግ።

እዚህ እኛ ጋ ኢንተርስቴት 70 ላይ ስለ ፍሬን የሚቀልድ ሰው የለም። የአይዘንሃወር ዋሻ ከባሕር ጠለል በላይ 11 ሺህ ጫማ ያልፋል። ከእሱ ወደ ሁለቱም በኩል የሚወርደው መንገድ ቁልቁለቱ 7 ከመቶ የሚደርስበት ቦታ አለው። ፍሬን ላጣ መኪና ተብሎ በጠጠር የተሞላ መውጫ ተሠርቶለታል። በ2019 ኤፕሪል 25 አንድ ከኩባ የመጣ የ23 ዓመት ወጣት እንጨት የጫነ የጭነት መኪና ይዞ በዚሁ መንገድ ወደ ዴንቨር ሲወርድ ፍሬኑ አልያዝ አለው። ሌክዉድ ላይ በትራፊክ የቆሙ መኪኖች ውስጥ ገባ። አራት ሰዎች ሞቱ። የማምለጫ መውጫውን አልፎ መሄዱ ተቆጠረበት፤ በ2021 ዲሴምበር 110 ዓመት ተፈረደበት። ዳኛው ራሳቸው ምርጫ ቢኖረኝ ይህን አልፈርድም ነበር አሉ። ሚሊዮኖች አቤቱታ ፈረሙ፣ የስቴቱ ገዥ በዚያው ወር መጨረሻ ወደ 10 ዓመት አወረደው።

ያን ሰሞን እኛ የጭነት መኪና ሹፌሮች ሌላ ወሬ አልነበረንም። ስለ ሟቾቹ አዝነናል። ስለ ልጁም አዝነናል። እያንዳንዳችን እዚያ ቁልቁለት ላይ ፔዳሉ ወለል ድረስ የወረደ መስሎን አልበን እናውቃለን። ስለዚህ ጋሼ "አለቀ" ሲሉ እኔ የታየኝ ያ ቁልቁለት ነው። እሳቸው ቢላተሙ ዐቃቤ ሕጉ የሚጠይቀው ጥያቄ "ፍሬን ነበራት ወይ?" ነው። በ400 ዶላር ቤት ውስጥ የተበየደውን ብረት ይዞ ፍርድ ቤት የሚቀርበው ጋሼ እንጂ ሻጩ አይሆንም። ጽሑፍ የሌለው ሕግ ከአደጋው በፊት ዝም ይላል፣ ከአደጋው በኋላ ግን አፍ ያወጣል።

የሚሉኝን አውቃለሁ። አንድ ጓደኛዬ "ሽማግሌዎቹን ተዋቸው! ዕድሜ ልካቸውን ሠርተው አሁን ቢንሸራሸሩ ሲዲኤል ልታስወጣቸው ነው?" አለኝ። አይደለም። እኔ ሲዲኤል አላልኩም። ብዙዎቹ የሞተርሆም ሰዎች ከኛ ይልቅ ጠንቃቆች እንደሆኑም እመሰክራለሁ፤ ከመነሣታቸው በፊት ሚስት ከኋላ ቆማ፣ ባል ፍሬቻ እያበራ፣ "ግራ፣ ቀኝ፣ ፍሬን" ሲባባሉ በየእረፍት ቦታው አያለሁ። እኔ የምለው፣ ይህን ጥንቃቄ ለሰዎቹ ጠባይ አንተወው። ተጎታች መኪና የራሷ ፍሬንና የመበጠሻ ሽቦ ይኑራት የሚል አንድ ወጥ ደንብ በሁሉም ስቴት ይጻፍ። ሻጩ ሞተርሆም ሲሸጥ ያቺን ሁለተኛ ቁጥር በጽሑፍ ሰጥቶ ያስፈርም። እንደዚህ ያለ ነገር ለሚነዳ ሰው ደግሞ አንድ ጊዜ፣ ግማሽ ቀን፣ የቁልቁለት አነዳድ ይፈተን። የእኔን እንግሊዝኛ ለመፈተን መንገድ ዳር ጊዜ ያገኘ መንግሥት ለዚህም ጊዜ አያጣም።

ወጪው ነው የሚሉም አሉ፤ ይህኛውን አልንቅም። ክንዱ፣ ብረቱ፣ ሽቦው፣ ፍሬኑና የእጅ ዋጋው ተደምሮ ብዙ ጊዜ ከ3 ሺህ ዶላር ያልፋል። ለጡረተኛ ቀላል አይደለም። ግን ካልተመቸ መፍትሔው ፍሬኑን መተው አይደለም፣ መኪናውን መተው ነው። ላስ ቬጋስ ደርሶ ለሁለት ሳምንት መኪና መከራየት ከዚህ ይረክሳል። በየዓመቱ በጁላይ 4 ሰሞን ለኢትዮጵያውያን የስፖርት ፌዴሬሽን ውድድር ሞተርሆም ተከራይታችሁ ከከተማ ከተማ ለምትሄዱ ወጣቶች ደግሞ፣ ብዙ አከራዮች ከነጭራሹ መጎተት ይከለክላሉ፤ ውሉን አንብቡት።

ጋሼ ያን ቀን ተቀየሙኝ። ቡናውን ሦስተኛ ሳልጠጣ ተነሣሁ። ሁለት እሑድ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ራቅ ብለው ሰላም አሉኝ። በያጁ ወዳጃቸውም "የጭነት መኪና ስለነዳ ኢንጂነር የሆነ መሰለው" ብሏል አሉ። ይበል።

በሦስተኛው ሳምንት ማታ ስልኬ ጮኸ። ሰላምታም አልነበረም።

"ረዳቱን ስንት ይሸጡታል?"

ራቭፎሯ በአራት ጎማ ስለማትጎተት ሣጥኑ አላስፈለገም። የፊት ጎማዋ ብቻ የሚነዳ ስለሆነች ሁለት ጎማ ያለው ዶሊ የሚባለውን ፈለግን። የፊት ጎማዎቿ ዶሊው ላይ ወጥተው ይታሰራሉ፣ የኋላዎቹ ይንከባለላሉ፣ ካምቢዮው አይነካም። (አራቱም ጎማ የሚነዳላት ብትሆን ይህም አይሠራም ነበር።) ያገለገለ አገኘን፣ የራሱ ፍሬን ያለው። ሞተርሆሙ ሲቀዘቅዝ ዶሊው ወደ ፊት ይገፋል፣ ያ ግፊት ራሱ የዶሊውን ፍሬን ያስይዘዋል። ሸራዎቹን ቀይረን፣ ዘይቱን ሞልተን፣ መብራቱን አያይዘን፣ ሁሉን ጭነን ሚዛን ላይ ወጣን። 700 ፓውንድ አልፈው ተገኙ። እትዬ እያጉረመረሙ ግማሹን የጤፍ ከረጢት አወረዱ፤ ጋሼ ደግሞ የውኃ ታንከሩን አጎደሉት፤ እዚያው ሲደርሱ ይሞሉታል።

በሐምሌ አንድ ማለዳ ሄዱ። ከዋሻው በስተምዕራብ ያለውን ቁልቁለት ወርደው ሲልቨርቶርን ሲደርሱ ደወሉልኝ። ቆመው ወርደዋል፤ እንዳሳየኋቸው በእጃቸው ጀርባ የዶሊውን ጎማዎች መሀል ጠጋ ብለው ለክተዋል።

"ሞቅ ብሏል" አሉኝ። "ግን እጅ ያስቀምጣል። እትዬ ደግሞ ታኮ ወትፋለች።"